ቤት የማይመታው ቤት

ኦርቪል ዘብሮስኪ ባረፈ በዓመቱ
ሚስቱ ኢርማ ሸጠችልኝ፣ ከነሣጥኑ፣ ከነቅባቱ።
ስድስት ጎራሽ ናት፣ በሰባት ዓመት ታላቄ፤
የጥይቷ እርሳስ አተር ቢያክል ነው፣ ገዛኋት ይህን አውቄ።

«ሌባ ፈርተህ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ ሎርና።
«ሌባ ከመጣ» አልኳት «ወረቀት ለብሶ ይምጣና!»
ሌላ ሙያ የላትማ፤ ከሃያ አምስት ያርድ ርቀት
ጥቁር ክብ መሐል ገብታ ቀዳዳ መክፈት።
እጀታዋ ዋልነት ነው፣ የሰው መዳፍ ያለዘበው፣
ብረቷ ሊመሽ ሲል ያለ ሰማይ፣ ጠርዝ ጠርዙ የነጣው።
ቃታዋ ሲሳብ ቀጭ ይላል፣ ቀጭ፣ ሁለቴ፤
እንዲህ የሚል የኪስ ሰዓት ክዳን ነበረው አባቴ።

አሌጌኒ ወንዝ ዳር፣ መስታወት ፋብሪካው ከተዘጋ ሠላሳ ዓመቱ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ግን መብራት አለ ከምድር ቤቱ።
ጡረተኛ በያጅ፣ የጥርስ ሐኪም፣ አንዲት ቀብር አስፈጻሚ፣
እኔ የተማሪ አውቶብስ ነጂ፤ ሁላችን ጆሮ ደፍነን፣ የለም ሰሚ።
ዴልማር ብቻ ይጮኻል ከኋላችን ቆሞ፦
«መስመሩ ዝግጁ ነው?»
ዝም ይላል ምድር ቤቱ፣ አፉን ለጉሞ።

አንድ እጅ ኪስ ውስጥ፣ አንድ እጅ ወደፊት፣
ከድሮ ሰዎች የቀረ ሥርዓት።
ትንፋሽን ግማሹን ሰጥቶ፣ ግማሹን ማስቀረት፤
ሕፃን እንደተኛበት በር፣ ምላጩን ቀስ ብሎ መሳብ፣ መሳቡንም መርሳት።

አምስቱ ቤት ይመታሉ። አንዱ ቤት ግን ቤት አይመታም፤
ከስድስት አንዷ ቀዳዳ ወደ ግራ ትኮበልላለች፣ ሰባትም አትሞላም።
እጄን ረገምኩ። መነጽር ለወጥኩ። ቡና ተውኩ ሦስት ሳምንት።
ከዚያ አንድ ማታ ስወለውላት አየሁ ምልክት፦
ከአንደኛው ቤት አፍ አጠገብ፣ ፀጉር የምታህል ጭረት።

ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤
አሥር ቀዳዳ፣ ዘጠኙ በአንድ ሳንቲም ሥር።
«ዘጠና ዘጠኝ» ይላል በእርሳስ፤ ቀኑ ተደምስሷል።
ኦርቪልን አሰብኩት። ምን ዓይነት እጅ፣ ምን ዓይነት ልብ ይዟል?

እሁድ ወረቀቱን ልመልስላት ሄድኩ። ዱባ ስትልጥ አገኘኋት።
«ባልሽ ለካ እንዲህ ያለ ተኳሽ ኖሯል!» አልኳት።
ሳቀች፣ ቢላዋው ከእጇ እስኪወድቅ ድረስ።
«ኦርቪል? ዓይኑን ይጨፍን ነበር እኮ ሰው አጠገቡ ሲተኩስ!
ሣጥን ተሸካሚዬ ነበር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻ፤
ያቺ አንዷ ዘጠኝ የሱ ማስነጠስ ናት፣ ለማስታወሻ።»

«ጭረቱስ?»
«የኔ የጥፍር ሞረድ ነው። ውድድሩ አምስት አምስት ነው የሚተኮስ፤
አምስት እንግዳ ላለው ሰው ስድስተኛው ቤት ዳዋ ይልበስ።
የምትስተዋን ምረጥና ባዶዋን ተዋት።
እኔም ሳላውቅ፣ ሁለት ክረምት በከንቱ አጎረስኳት።»

እጇን አየሁ። አንጓዎቿ እንደ ዝንጅብል አብጠው
ጣት ከጣት አይገጥምም። የሸጠችልኝ ለካ ለዚህ ነው።
አልጠየቅኳትም። የዱባውን ልጣጭ ሰበሰብኩላት፣
ስወጣም «ሐሙስ ማታ ነይ» አልኳት።

መጣች። ከኋላዬ ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ ተቀመጠች፣
ጆሮዋን ደፍና፣ ዓይኗን ከፍታ ጠበቀች።
ዴልማር ጮኸ። አምስት ጊዜ ተኮስኩ፣ እጄን ኪሴ ጥዬ።
ከዚያ ቀለሁን አራገፍኩ፣ ከበሮዋን ወደ ጎን ከፍቼ ዘቅዝቄ፣
መዳፌ ላይ ትኩስ፣ እንደ ቆሎ።
ወረቀቱ ቀረበ። ያመለጠ የለም፣ ወደ ግራ ኮብልሎ።
«ትንፋሽህ» አለች ኢርማ «አሁንም ይቸኩላል።»
ሌላ አልጨመረችም።

ሽጉጧን ወደ ጣሪያው አንስቼ አየሁ፤
አምስቱ ቤቶች ጥላሸት ለብሰዋል፣
በባዶዋ በኩል አምፖሉ፣ ክብ፣ ንጹሕ።